የአባቴ ሴቼንቶ እና የጋሼ የሻው ወፍጮ

መጋቢት 6 ቀን 1976

ለሰፊው የሐይቅ ከተማ ሕዝብ፣ ለገበሬ ማኅበራት፣ ለሴቶች ማኅበር፣ በሐይቁ ውስጥ ለሚኖሩ ዓሦችም ጭምር፦ ከባድ የሐዘን መግለጫ አለን። ሥራችሁን አቁሙ። ቆብ ያላችሁ አውልቁ። የአባቴ ሴቼንቶ መኪና ካርቡራተር በተወለደ በሃያ ሁለት ዓመቱ ዛሬ ጠዋት በድንገት ከመካከላችን ተለይቷል። አስከሬኑ አልተገኘም። ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን፤ ለሌባው አንመኝም።

በቃ፣ ቀልዱ አለቀ።

ይህ ደብተር የሰባተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ደብተሬ ነበር። የአፍሪካ ወንዞች ስድስት ገጽ ይዘዋል፤ የቀረው ባዶ ነው፣ እንደኔው። ከዛሬ ጀምሮ የበቀል ደብተር ይሁን።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ለራሱ ደግሞ ይቺን ትንሽ ሴቼንቶ ገዝቶ፣ ኢድ ሲደርስ እማን አስቀምጦ ሐይቁን ያዞራት ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ስንቅ ጭነህ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሂድ ተባለ፣ ሄደ፣ ቀረ። ሴቼንቶዋ ጓሯችን ካለው ዋንዛ ሥር ቆመች። ዶሮዎች ወረሷት። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ከዶሮ ጋር ተዋግቼ አስመለስኳት። ዝገቷን በአሸዋ ፈገፈግኩ፣ ወንበሯን በጆንያ ሰፋሁ። የእማ ወንድም አጎቴ አሊ እሱም የጭነት ሾፌር ስለሆነ፣ ከደሴ በመጣ ቁጥር አንድ ብሎን፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ምክር ያመጣልኛል። ባትሪ አለኝ። ጎማ አለኝ፤ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አራተኛው በጸሎት ነው የቆመው። ካርቡራተሩን ትናንት በቤንዚን አጥቤ ዕቃ ቤት ጋዜጣ ላይ አሰጣሁት። ዛሬ ልገጥመው ነበር። ጋዜጣው ላይ ክብ የቤንዚን ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ለዘንድሮ ኢድ እማን አስቀምጬ ውጫሌ ልወስዳት ነበር፣ እህቴ ዙሌይካ ዘንድ። ምያለሁ። አሁንም እምላለሁ።

መጋቢት 7

ፍለጋ። ቆጥ ላይ። አመድ ጉድጓድ ውስጥ። ወንበሯ ሥር። ሦስት እንቁላል አገኘሁ።

እማ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ከጠፋ ጠፋ እንግዲህ። አላህ ያስቀረው ለኸይር ነው።»

«የምን ኸይር! የአባቴ መኪና እኮ ናት!»

«አባትህንም የወሰደው መኪና ነው» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ከአጥራችን ማዶ የየሻው ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሁለት ወር ሙሉ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ሲያስል ከርሟል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን ቱክ ቱክ ቱክ፣ እንደ ጎረምሳ ይዘላል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለችው ቆርቆሮ ሳትቀር ታፏጫለች። ማታ ካርቡራተሬ ጠፋ፣ ጠዋት ወፍጮው ዳነ። ይህን ለመደመር ሰባተኛ ክፍል ይበቃል።

መጋቢት 9

ሄድኩበት። ዱቄት ለብሶ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ጋሼ የሻው፣ ወፍጮው ተሻለው አይደል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎታል።»

«ምን መድኃኒት ቢሰጡት ነው?»

«ፈትቼ አጠብኩታ። ዘይቱን ቀየርኩ።»

«የሰው ዕቃ ሳይጨምሩበት?»

ወንፊቱን አስቀመጠ። «ምን ጠፋብህ አንተ?»

«ካርቡራተር።»

«ከዚያች ከዶሮ ቤትህ?» አለና ወደ ሰልፉ ዞረ። «እኔን ከምትጠይቅ ዶሮዎቹን ጠይቃቸው። እንቁላል መስሏቸው ታቅፈውት ይሆናል። ሃያ አንድ ቀን ታገስ፣ ትንንሽ መኪና ይፈለፍሉልሃል!»

የሴቶቹ ሳቅ እስከ ቤታችን ተከተለኝ። አንዷማ ቁናዋን ጥላ ነው የሳቀችው። ቀልዱ ጥሩ ነው። እኔ ብናገረው ኖሮ ሳምንት እስቅበት ነበር። ይቅር የማልለው ለዚህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ «ጋሼ» የሚለውን ማዕረጉን ገፍፌዋለሁ። የሻው። በቃ፣ የሻው።

መጋቢት 14

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምደው ሙዘይን የዓሣ ሆድ ዕቃ ሰጠኝ። ምን ታደርገዋለህ አላለኝም፤ ያውቀኛል። የሻው ወፍጮ ቤት ጣውላ ሥር ወሸቅኩት።

አንደኛ ቀን ዝንብ።

ሁለተኛ ቀን ድመት።

ሦስተኛ ቀን የሐይቅ ከተማ ድመቶች በሙሉ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀመጡ። የሻው ሁዳዴውን ይጾማል፣ አፍንጫውን በነጠላ አስሮ ይፈጫል። ሚስቱ እትዬ ቦጋለች «ምን ዓይነት እርግማን ነው የመጣብን» እያለች በሩ ላይ ጠበል ትረጫለች። ከአጥሩ በዚህ በኩል ሆኜ ጠበሉ ፊቴ ላይ ደረሰ። አልቃጠለኝም። ስለዚህ እኔ ሰይጣን አይደለሁም፣ ተበዳይ ነኝ።

ረካሁ። እስከ ምሳ ድረስ።

መጋቢት 20

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ታመነ አምና ነው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው፤ ሰውን በስም ሳይሆን በቤት ቁጥር ነው የሚያውቀው። ስለ ብሔራዊ ውትድርና ተናገረ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ። «በተለይ» አለ ጣቱን አንስቶ፣ «መንዳት የሚችል፣ ሞተር የሚያውቅ ወጣት ቅድሚያ ይሰጠዋል።» ከኋላ ሆኜ «ወፍጮ ነጂም ይጨመር!» አልኩ። ሰው ሳቀ። የሻው አልሳቀም። እማም አልሳቀችም።

ስንመለስ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ኑርዬ፣ መንዳት እችላለሁ ያልከው ለማን ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«ለማን?»

ለሁሉም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለቆመ ሁሉ። የአጎቴን የጭነት መኪና መብራት አጥፍቼ ውጫሌ ደርሼ ተመልሻለሁ ብያለሁ፤ አንዳንዴ መርሳም እደርሳለሁ፣ እንደ ሰሚው። እውነቱን ለዚህ ደብተር ብቻ ልንገር፦ መኪና ነድቼ አላውቅም። የቆመች መኪና ውስጥ ተቀምጬ በአፌ «ቩምም» ማለት እችላለሁ። እሱን አሳምሬ ነው የምችለው።

«ያቺ መኪና ዝም ስትል እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለች እማ።

«የሻው ካርቡራተሬን እስኪመልስ ተኚያ እንግዲህ።»

ቆም ብላ አየችኝ። «የሻው ምን አደረገህና?»

ነገርኳት። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ «ሰው ሳታይ አትጠርጥር» ብላ ወደ ሶላቷ ሄደች። የዚያን ቀን ሶላቷ ረዘመ።

መጋቢት 28

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። ልተንፍስና ልጻፍ።

የሻው ወፍጮ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሐሙስ ከሰዓት በርበሬ፣ ሌላው ቀን እህል፣ ይላል። በርበሬ የተፈጨበት ድንጋይ ሳይጠረግ እህል ከገባ ያገር ሰው ሲያስነጥስ ይውላል፤ ስለዚህ ሁሉም በሰሌዳው ነው የሚተዳደረው። የሻው ራሱ ማንበብ አይችልም። የምትጽፍለት ልጁ ናት።

ጠዋት በምራቄ አጥፍቼ «ዛሬ በርበሬ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ እጅ እንዴት ያምራል!

ሴቶች ይመጣሉ፣ የሚያነብ ተማሪ ያነብላቸዋል፣ ይመለሳሉ። የሻው ውስጥ ሆኖ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ቱክ ቱክ ቱክ፣ ባዶ ድንጋይ። ይወጣል፣ መንገዱን ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ታች ያያል፣ ይገባል። አጥሩ ላይ ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ሰው አነበበለት። ሰሌዳውን ነቅሎ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ልክ ልኩን አገኘ።

አንድ ነገር ብቻ። ከአምባሰል ተራራ ሥር ጎህ ሳይቀድ የተነሳች ሴት ነበረች። አንድ ቁና የማይሞላ ማሽላ በአቅማዳ ይዛ። በርበሬ ነው ሲሏት አልተከራከረችም፤ ዞራ አጥራችን ሥር ተቀመጠች። ልጅ አዝላለች። ልጁ አያለቅስም። እማ ጠራቻት፣ ማሽላዋን ተቀብላ በምትኩ ከእኛ ዱቄት ሰፈረችላት፤ የሰፈረችው ከተቀበለችው ይበልጣል። ሴትየዋ እጇን ሳመቻት።

እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ አንድ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። አጠበቅኩት። ፈታሁት። እንደገና አጠበቅኩት።

ጥፋቱ የካርቡራተሩ ሌባ ነው።

ሚያዝያ 3

የበልግ ዝናብ የለም። ደመናው ከአምባሰል በላይ ይመጣል፣ ያየናል፣ ይሄዳል። ሰው ዱዓ ወጣ። ካህናቱም ታቦት ይዘው ሐይቁ ዳር ወጡ። በመንገዱ ወደ ደሴ የሚያልፈው ሰው በዝቷል።

ካርቡራተር የለም። ሌላ ላግኝ ብዬ ለአጎቴ መልእክት ላክሁ።

ሚያዝያ 16

ፋሲካ ከትናንት በስቲያ አለፈ። እትዬ ቦጋለች እንደ ዓመቱ ሁሉ ለእማ ድፎ ዳቦ ላከች። እየተራገምኩ በላሁት። ዳቦው ምንም አላደረገኝም፤ ባለቤቷ ነው ያደረገኝ።

ከሰዓት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሰፈራችን ልጅ ስህን ቆማለች። ስለ ስህን ብዙ አልጽፍም፤ እማ ይህን ደብተር ብታገኘው ምን እንደምትል አላውቅም። «መኪናህ መቼ ትነሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ፣ በደግ። ልመልስ አፌን ስከፍት የሻው ከኋላዬ «ለሰርግሽ አትደርስም ልጄ፣ ለልጅሽ ሰርግ ግን ሳትነሳ አትቀርም!» አለ። ስህን ሳቀች። በነጠላዋ ጥርሷን ሸፍና ሳቀች። ድመቱን፣ ሰሌዳውን፣ ሁሉንም የሠራሁበት እኔ መሆኔን ያውቃል። ለካ እሱም ሲበቀለኝ ነው።

እሺ።

ሚያዝያ 17

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የአስተያየት ሳጥን አለ። ያለፈው ዓመት ሸረሪት ነው ያለበት። በግራ እጄ ጻፍኩ፦

«ወፍጮ ቤት ያለው የሻው የተባለው ግለሰብ ከየሰው ቁና እየቀነሰ እህል ያከማቻል። ቤቱ ይታይ። አንድ ተቆርቋሪ።»

«ተቆርቋሪ» ከሬዲዮ ነው። ይመጣሉ፣ ቤቱን ያምሱታል፣ ምንም አያገኙም፣ የሻው በላብ ይታጠባል፣ እኔ አጥሩ ላይ እሆናለሁ። በቃ ይኼው ነው። ማንም አይጎዳም።

ሚያዝያ 22

ወሰዱት።

ሦስት አብዮት ጥበቃ መጡ። ጓዳውን ከፈቱ። ሁለት ኩንታል ተኩል እህል። እንዴት ረሳሁት! የቅሬው፣ የዕድራችን፣ እህል ነው። ከሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ለቀብርተኛው የሚዘጋጀው እህል የሻው ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ሚዛኑ የታመነ ነው ተብሎ። የእኛን ድርሻ አምና ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ጆንያው ላይ በከሰል ዶሮ ስዬበት ነበር። ዶሮዋ ያለችበት ጆንያ በጠባቂው ትከሻ ላይ ሆና ስትወጣ አየኋት።

ሊቀመንበሩ ሰውን በቤት ቁጥር ነው የሚያውቀው። ቅሬ የቤት ቁጥር የለውም።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ሁሉም ያውቃል። ማንም አልተናገረም። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

ሚያዝያ 25

ወፍጮው ዝም ካለ አራተኛ ቀኑ። ዝምታው ራስ ያሳምማል። ጆሮዬ ቱክ ቱኩን እየጠበቀ ይነቃል፤ ምንም የለም። ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ከተማውን አቋርጠው ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። በራችን ሲያልፉ አንዷ «ማን ይሆን ያሳበቀበት፣ እጁ ይድረቅ» ስትል ሰማሁ። ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሽማግሌዎች ቀበሌ ሄደው ነበር። «በጽሑፍ አቅርቡ፣ እናጣራለን» ተባሉ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ መጻፍ የሚችሉ ናቸው፤ መፈረም ግን የሚደፍር አልተገኘም። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ቃል ተነሥቷል፤ ከዚያ ቃል አጠገብ ስሙን የሚያስቀምጥ የለም።

እትዬ ቦጋለች እማ ዘንድ መጣች። ምድር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ፈዲላ እህቴ፣ የማንን በላን? የማንን ነካን?» እማ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አድርጋ «አብሽሪ፣ አላህ ያየዋል» ትላለች። ሁለቱም አለቀሱ። ግን የእማ ለቅሶ ሌላ ነው። ቦጋለች ከሄደች በኋላም አላቆመም። «ባሌን የወሰዱት ዕለት ከዚያ ከአጥሩ ማዶ የመጣ ሰው የሻው ብቻ ነበር» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው አላውቅም።

እኔስ ምን ላድርግ? ካርቡራተሬን ባይሰርቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የጀመረው እሱ ነው። ይህን አሥር ጊዜ ጻፍኩት፤ አሥሩንም ጊዜ እውነት ነበር።

ሚያዝያ 28

አጎቴ አሊ መጣ። ሰላም ሳይለኝ «ሌላ ካርቡራተር የምትለው የመጀመሪያው የት ሄዶ ነው?» አለ። ነገርኩት። የሻው ሰርቆ ወፍጮው ውስጥ እንደከተተው።

አጎቴ ይበላ የነበረውን ዳቦ አስቀመጠ። «ወፍጮው በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በሞተር።»

«ሞተሩስ?»

«በናፍጣ።»

«ናፍጣ ሞተር ላይ ካርቡራተር አይተህ ታውቃለህ?»

ወደ ሴቼንቶዋ ዞር አልኩ።

«ናፍጣ በፖምፓ ነው የሚረጨው አንተ! ካርቡራተር የቤንዚን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከሞተር ሥር ተኝተህ ይህን አታውቅም? እኔ እኮ መካኒክ ሆኗል እያልኩ ደሴን ሙሉ ሳወራ!» ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው መጣ። እማን ጠርቶ ሊያስቃት ፈለገ። «ነይ ስሚ ፈዲላ፣ ልጅሽ ወፍጮ ካርቡራተር ጠጣ ይላል!»

እማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

እኔም አልሳቅኩም።

ሚያዝያ 29

ከሱብሂ ሶላት በኋላ እማ ጠራችኝ። የልብስ ሳጥኗን ከፈተች። ከታች፣ የአባቴ ጥምጥም ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሳላየው በክብደቱ አወቅኩት።

«አፉ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለች። «መኪናዋ ከተነሳች ነጂ ነህ ይሉሃል። አባትህን ነጂ ስለሆነ ነው የወሰዱት። አንድ ሌሊት አስቤ፣ አንድ ሌሊት ሰረቅኩህ። ሰው ላይ ይመጣል አላልኩም። የሻውን ጠረጠርኩ ስትለኝ ልናገር ነበር፣ ምላሴ ታሰረ።» ከዚያ ዓይኔን አየች። «ግን እሱ የታሰረው በእህል ነው። በካርቡራተር አይደለም። አይደል ኑርዬ?»

ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱን እየፈራች ነበር። ልቀልድ ፈለግኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ቀልድ አልመጣም። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ነገርኳት።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ጥምጥሙን አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰች። «ቀበሌ ብትሄድ ስምህን ይጽፉታል» አለች። «ባትሄድ ደግሞ እኔ ቦጋለችን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ሻርፗን ለበሰችና በሩን ከፍታ ቆመች፤ እኔ እስክወጣ።

ሚያዝያ 30

ሊቀመንበር ታመነ፣ ጸሐፊዋ ጸዳለ፣ አንድ ጠባቂ፣ እኔ።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህሉ የቅሬ ነው።»

«ለምን ጻፍክ?»

«ካርቡራተሬን ሰረቀኝ ብዬ።»

«ሰረቀህ?»

«የለም። እናቴ ሳጥን ውስጥ ነበር።»

ጸዳለ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ታመነ ወደ ጠባቂው ዞረ። «ወፍጮ በካርቡራተር ነው እንዴ የሚሠራው?»

«በናፍጣ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሱንማ አሁን አውቄያለሁ» አልኩ።

«ታዲያ ይኼ ነው የከተማው መካኒክ?» መዝገቡን ገለጠ። «የቤት ቁጥር ስንት? ዕድሜ? አሥራ ዘጠኝ። መንዳትም ትችላለህ ይባላል። ውጫሌ ደርሰህ ትመለሳለህ አሉ።»

«ውሸቴን ነው። ነድቼ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

«መርሳም ደርሰሃል ተብሏል።»

«እሱም ውሸት ነው።»

ታመነ ፈገግ አለ። «ጸዳለ፣ ጻፊ። መንዳት ይችላል። የዋሸው አሁን ነው።»

በዕድሜዬ አንድ ቀን እውነት ተናገርኩ፤ የሚያምነኝ ጠፋ። በዚህ ሰውዬ ላይ ቂም ይዣለሁ። ከሌላው ሁሉ በላይ።

ግንቦት 3

ፈቱት። አሥራ አንድ ቀን። ጢሙ አድጓል፣ ዱቄት የሌለበት ፊቱን ሳይ ሰውየው ጥቁር መሆኑን ዛሬ አወቅኩ። ሽማግሌዎች ባሉበት እማ ከኋላ በእጇ ጀርባዬን ይዛ አቆመችኝ።

«ጋሼ የሻው፣ አፉ በሉኝ» አልኩ። ማዕረጉ ሳላስበው ተመለሰ።

ሽማግሌዎቹ «አፉ በለው፣ ልጅ ነው» አሉ።

«አልልም» አለ። ሁሉም ደነገጠ። «ቂም ያንተ ብቻ መሰለህ? እኔም አለኝ። ጀርባዬ ላይ አሥራ አንድ ሌሊት የሲሚንቶ ብርድ አለ። አፉ ብዬ በነጻ ልልቀቅህ? ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እየመጣህ የወፍጮውን ሞተር በእጅህ ታዞራለህ። ሲበቃኝ እነግርሃለሁ።»

ግንቦት 11

የወፍጮው ሞተር በእጅ የሚዞር ብረት አለው፤ ክንድ የሚያህል። እንደ በቅሎ ነው የሚራገጠው፣ በመጨረሻው ዙር ካልለቀቁት ክንድ ይሰብራል። መዳፌ ተልጧል። ጋሼ የሻው ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ «በል የካርቡራተር ጌታ፣ ወኔ ጨምር!» ይላል። ሴቶቹ ይስቃሉ። ስህን ሳትቀር አንድ ቀን መጥታ አየች።

ጣውላው ሥር ሌላ የዓሣ ሆድ ዕቃ ልወሽቅ አሰብኩ። ከዚያ አሁን ሽታው የሚያፍነው እኔን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ካርቡራተሩ ሳጥን ውስጥ ነው። ራሴ መለስኩት። እማ አየችኝ።

ግንቦት 25

ረመዳን ገባ። ጋሼ የሻው «ጾመኛ ነህ፣ ተቀመጥ፣ እኔ አዞረዋለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። የሱን ደግነት አልቀበልም። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ብረቱን ሁለታችንም ይዘን አዞርነው፤ አንዱ ለሌላው ላለመልቀቅ። ሞተሩ ተነሳ።

የሚፈጭ ግን የለም። ጠዋቱን ሙሉ ሦስት ሰው። ሦስቱም በእፍኝ።

ሰኔ 12

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ስላላመንኩ ነው። አራተኛ መስመር ላይ ነኝ፤ ኑርዬ፣ ከጎኑ «ሾፌር»። ሰኔ 28 ደሴ መቅረብ አለብኝ። የታመነን ወንበር እግር ልሰነጥቅ አስቤ ነበር። መጋዝም ነበረኝ። ለእማ መንገር ቀደመ።

ሰምታ ነበር። ጥምጥሙን ከፈተች። «ግጠመው እንግዲህ» አለች። «ከእንግዲህ ምን ይደበቃል።»

ሰኔ 23፣ ኢድ

ተነሳች።

አራት ዓመት። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ከዚያ አንድ ዶሮ በመስኮት ወጣች፣ ከዚያ ተነሳች። ጋሼ የሻው ከኋላ ሲገፋ ጭሱን ጠጣው። «ጠረኗ ከዓሣው ይሻላል!» እያለ ያስላል። አጎቴ አሊ አጠገቤ ተቀምጦ መሪውን ሰጠኝ፤ «ሾፌር ካሉህ አይቀር ተማር» ብሎ። እማ ከኋላ፣ በአዲሱ ቀሚሷ፣ ለዙሌይካ የያዘችውን ቅርጫት አቅፋ። አስፋልቱ ላይ ወጣን። ወደ ውጫሌ። እኔ ነዳሁ። እኔ!

ሩቅ አልሄድንም። ከተማው ሲያልቅ መንገዱ ዳር ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአምባሰል በኩል የወረዱ፣ ከዚያም በላይ የመጡ። አንዳንዱ ተኝቷል። መኪና ሲያልፍ አይነሡም። እማ «አቁም» አለች። ቅርጫቱን ይዛ ወረደች። አንዲት ሴት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ። ቅርጫቱ አፍታም አልቆየም። ከዚያ ሴትየዋን ደግፋ አስነሳቻትና በእኔ ቦታ፣ በራሷ ቦታ፣ ባለው ቦታ ሁሉ አስገባቻቸው። «አሊ፣ ሐኪም ቤት አድርሳቸውና ተመለስ፣ ሌላም አለ» አለች። ሴቼንቶዋ ዞረች። አጎቴ እስኪመሽ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። እኔና እማ በእግራችን ተመለስን። ውጫሌ አልደረስንም። እማ መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ እኔ አልቀለድኩም።

ሰኔ 27

ነገ ነው። አጎቴ መኪናዋን ይዞ ዛሬም መንገድ ላይ ነው፤ ቤንዚኑን የሰፈሩ ሰው አዋጥቶለታል። ጋሼ የሻው ጠዋት «በቃህ፣ ከዛሬ አታዙር» አለኝ። አፉ ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። «እሱን ስትመለስ እናየዋለን» አለ። ካልተመለስኩ ቂሙ እሱ ቤት ቀረ ማለት ነው፤ ሰውየው በቀል ያውቃል።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። መጋቢት ላይ ለአገር ሁሉ የሐዘን መግለጫ አውጥቼ ነበር፣ ለዓሦች ሳይቀር። አንዲት ቡጢ የምታህል ብረት ከአንድ ጓዳ ወደ ሌላ ጓዳ ተዛወረች። ይኼው ነው። አሁን በራችን ላይ ተቀምጬ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው እያየሁ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ከዚህ አጠገብ የእኔ ነገር በጣም ትንሽ ነበር።